ወንዝ ተሻግረን ውሃ ፍለጋ የሄድን ጊዜ

የመንደራችን ሰው የጎረቤቱን የጀልባ ሞተር ጉልበት ያውቃል፤ ጣሪያውን በየትኛው ዓመት እንዳደሰው ያውቃል፤ ጎረቤቱን ግን «ለመሆኑ አንተ ማን ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። ነውር ነው። ስለ ራስ ማውራትም እንዲሁ ነውር ነው። እኔም የዚሁ መንደር ልጅ ነኝና፣ በማርሽ ባንዳችን ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ቱባ የሚባለውን ትልቅ ጥሩምባ ስነፋ ይህንን እንደ ጨዋነት ስቆጥረው ኖሬአለሁ። ቪልማ እስክታሳፍረን ድረስ።

ቪልማ ከሊቱዌኒያ የመጣችው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ሦስት ዓመት የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ዓሣ ስትበልት ቆየች፤ ከዚያ ባንዳችን የሚለማመድበትን የመንደሩን አዳራሽ ለማጽዳት ተቀጠረች። የተከራየችው ቤት ወንዝ ዳር ነው፤ ከበሩ አሥር እርምጃ ቢራመዱ እግር ይረጥባል። በመጀመሪያው ክረምቷ የቤቷ ቧንቧ በረዶ ሆነ። እሷም ሁለት ባልዲ አንጠልጥላ፣ ድልድዩን ተሻግራ፣ ማዶ ካለው ከኤርሊንግ ግቢ ፓምፕ ትቀዳ ጀመር። ኤርሊንግ ጡረታ የወጣ ዓሣ አጥማጅና የባንዳችን ክላሪኔት ነፊ ነው። ሦስት ቀን በመስኮት አያት፤ የኛ ሰው ነውና ዝም አለ። በአራተኛው ቀን ግን ድልድዩ ላይ አንሸራቷት ውሃውን በሙሉ ሱሪዋ ላይ ስትደፋው አላስቻለውም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነክቶሽ ነው?» አላት። «ውሃው እኮ ደጅሽ ነው! ያውም ንጹሕ። የኔም ፓምፕ የሚስበው ከዚያው ነው።»

«የሰው ወንዝ መስሎኝ ነዋ፤ ፓምፑን ደግሞ የመንደሩ የጋራ።»

«የሰው ወንዝ! እንዳንቺ በከንቱ ለሚለፋ ሰው እኛ የምንለው አለ፦ ወንዝ ተሻግሮ ውሃ ሊቀዳ ሄደ እንላለን።»

«ድገምልኝ» አለችው።

ደገመላት። እርጥብ ሱሪዋን ሳትቀይር ወረቀት ላይ ጽፋ የወጥ ቤቷ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ከቋንቋችን የኔ ነው የምትለው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እሱ ሆነ። ኤርሊንግ ነገሩን ለመንደሩ ሁሉ አዳረሰው፤ እኛም ክረምቱን በሙሉ ሳቅንባት።

ባለፈው ኤፕሪል የባንዳችን መሪ ሃልቮር ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ለአገራችን ብሔራዊ በዓል፣ ለሜይ አሥራ ሰባት፣ የቀረን አምስት ሳምንት ነበር። የዚያን ዕለት ማለዳ ባንዱ ከፊት፣ ልጆች ባንዲራ ይዘው ከኋላ ሆነን መንደሩን ካልዞርን በዓሉ በዓል አይባልም፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በቀር ቀርቶ አያውቅም። የባንዱ ሊቀመንበር፣ ኦድሩን የምትባለው ሴት፣ ሌላ መሪ ፍለጋ ደወለች፣ ጻፈች፣ ለመነች። ሁለት ሳምንት በዚሁ አለፈ። በመጨረሻ እኔን ሁለት ጀልባ አሳፍራ፣ አራት ሰዓት መኪና አስነድታ፣ ከሩቅ ከተማ መሪ እንዳመጣ ላከችኝ። ሰውየው ዋፍል የሚባለውን ጣፋጭ ቂጣ ከቡናማ አይብ ጋር አበላኝና «ዘንድሮስ አይመቸኝም» ብሎ ሸኘኝ።

ስመለስ ባንዱ ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር። ፊቴን ሲያዩ ገባቸው።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለች ኦድሩን። «ዘንድሮ የተቀዳ ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ እናጫውታለን።»

ኤርሊንግ ክላሪኔቱን ወደ ሳጥኑ መለሰ። ዕድሜው ሰማንያ አራት ነው፤ የሚመጣውን ዓመት ይድረስበት አይድረስበት ማን ያውቃል። ሁላችንም ይህንኑ አሰብን።

ይሄኔ በሩ አጠገብ ስትወለውል የነበረችው ቪልማ መወልወያዋን ግድግዳ አስደገፈች።

«ቶርቢየርን፣ ስንት ጀልባ ተሳፈርክ?» አለችኝ።

«ሁለት። ስመለስ ደግሞ ሁለት።»

«እንግዲያው ወንዝ ተሻግረህ ውሃ ልትቀዳ ሄደሃል።»

ኤርሊንግ ቀና አለ። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ውሃው እዚህ ነው» አለች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «አገሬ ላይ ዘጠኝ ዓመት ማርሽ ባንድ መርቻለሁ። አርባ ሰው ነበርን። የከተማችን ፋብሪካ ሲዘጋ ባንዱም አብሮ ተዘጋ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽንም?» ብላ ጮኸች ኦድሩን።

«ማን ጠየቀኝና? ራሱን የሚያሞግስ ሰው ባለጌ ነው ብላችሁ ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ። ተማርኩ።»

ፊቴ ጋለ። ስምንት ዓመት ሙሉ እግሬን አንሥቼ ከሥሩ ስታጸዳ «አመሰግናለሁ» ከማለት በቀር አንድ ቃል ጠይቄአት አላውቅም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለኛ ነው።

ኦድሩን ግን በዋዛ የምትሸነፍ አይደለችም። «መምራት እንደምትችዪ በምን እናውቃለን?»

«ስምንት ዓመት ወለል እየወለወልኩ ሰምቻችኋለሁ። ሁለተኛው ክላሪኔት ሁልጊዜ ይቸኩላል።» ኤርሊንግን ሳል ያዘው። «ትራምፔቶቹ ከፍ ያለው ድምፅ ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ከበሮው ደህና ነው። ቱባው ይተኛል።»

«ማን? እኔ አልተኛም!»

«ከሦስተኛው ገጽ በኋላ ትተኛለህ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ምን ብዬ ልካድ? እውነት ነው። ኤርሊንግ ተነሥቶ የሃልቮርን የመሪ ዘንግ ከመደርደሪያው አወረደና በሁለት እጁ ሰጣት። ተቀበለችው፤ ጣቶቿ አሥራ አንድ ዓመት የጨበጡት ቢላና መወልወያ ብቻ ነበር።

የቀረን አሥራ ስምንት ቀን ነው። በየቀኑ አለማመደችን። አቤት ቁጣዋ! ስትናደድ በአገሯ ቋንቋ ትሳደባለች፤ ትርጉሙን የጠየቃት የለም፤ ያ ልማዳችን ለአንዴ እንኳ ጠቀመን።

ሜይ አሥራ ሰባት ዘነበ፤ ደግሞ መቼ ሳይዘንብ ቀርቶ! ቪልማ የሃልቮርን ኮት እጅጌውን አጥፋ ለብሳ ከፊታችን ቀደመች። ዘንጓን አነሣች፤ ተነሣን። እንደዚያን ቀን ነፍተን አናውቅም። ትራምፔቶቹ ከፍ ያለውን ድምፅ ይዘው አልለቅ አሉ፤ ኤርሊንግ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል ገባ፤ እኔ አራተኛው ገጽ ላይ ዓይኔ እንደ ፈጠጠ ነበር። ሃልቮር በክራንች ተደግፎ ደጁ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አነሣላት። ያ ያንሸራተታት ድልድይ ላይ ስንደርስ መንደሩ ግራና ቀኝ ተሰልፎ እልል አለ። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ቪልማ እንደ ልማዷ ቀድማን መጥታ መወልወያውን ልታነሣ ስትል፣ ኦድሩን ከእጇ ወሰደችው።

«የልምምድ ቀን ጽዳት ከእንግዲህ በተራ የኛ ነው» አለቻት። «ደመወዝሽም አይነካም። አንቺ መሪያችን ነሽ።»

ግድግዳው ላይ የተራው ዝርዝር ተለጥፏል፤ የመጀመሪያው ስም የኔ ነው። ያለ አንዳች ቅሬታ መወልወል ጀመርኩ።

«ቶርቢየርን፣ ጥግ ጥጉን አትርሳ!» አለችኝ ከመሪው ቦታ ላይ ሆና።

ጥጉን ወለወልኩ። ከዚያ መወልወያውን ተደግፌ ቀና አልኩና መንደራችን ነውር የሚለውን ነገር ደፈርኩ።

«ቪልማ» አልኳት፣ «እስቲ ስለ አገርሽ ባንድ አጫውቺኝ።»

ዘንጉን አስቀምጣ ወንበር ሳበች። የገባው ሁሉ እየተቀመጠ ያዳምጥ ጀመር፤ የዚያን ዕለት ልምምዳችን አንድ ሰዓት ሙሉ ዘግይቶ ተጀመረ።