አባቴ ያለቀሰለት ሰው

ጣሊያን ከአምበር ከተማ አጠገብ የነበረውን ቤታችንን ያቃጠለው አባቴ ለአርበኞች ስንቅ ያቀብላል ተብሎ ነው። በዚያ ሰሞን ለራሳችንም ስንቅ አልነበረንም፤ አባቴ ግን በክሱ ትንሽ ሳይኮራ አልቀረም። እናቴ ቀደም ብላ ሞታለች። እኔ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው።

ከዚያ በኋላ የምናድረው በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ የምንበላው በሰው ተዝካር ሆነ። አባቴ ለልመና እጁን መዘርጋት ሞት መሰለው። በቀብር ያልደረሰ ወዳጅ ግን በተዝካሩ ቀን መጥቶ ቢያለቅስ ለማኝ አይባልም፤ ሳይበላም አይሸኝም። ስለዚህ አባቴ በሕይወታቸው አይቷቸው ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ አለቀሰ። የደረሰውን እንጀራ በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ለእኔ ያመጣልኛል። "እኔንስ ኀዘኑ ጉሮሮዬን ዘግቶኛል" ይላል። ኮሌጅ ገብቼም ይህን አምን ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ጫካ ገብቶ መርዶው የመጣ የአንድ ገበሬ ተዝካር ላይ ደረስን። አባቴ "ወንድሜ! የማዕድ ጓደኛዬ!" እያለ ደረቱን ደቃ። የሟቹ ሚስት እጁን ይዛ ከመሬት አነሣችው።

"የእሱ ወዳጅ ከነልጁ ደጅ አያድርም" ብላ ከጓሮዋ ጥጆች ያድሩባት የነበረችውን ጎጆ ሰጠችን።

ወር ሳይሞላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሟቹ ጠመንጃውን አንግቶ በጓሮ በኩል መጣ።

"ማነህ አንተ?" አለው አባቴን።

ስንቱን ሟች ያሞገሰው አባቴ ጋቢውን አደግድጎ ብድግ አለ። ሚስቱ ወጥታ ባሏን ስታይ እልል ማለት ጀምራ አፏን በእጇ ያዘች።

"ወንድምህ ነው እኮ! እንደሱ ያለቀሰልህ የለም!"

"እኔ ወንድም የለኝም።"

አባቴ ከፊቱ ተደፋ። "ጌታው፣ ልጄን ዝናብ እንዳይመታብኝ ብዬ ነው የዋሸሁ። እኔ ልውጣ፣ እሷን ያስጠጉልኝ።"

ሰውዬው እኔን አየኝ፤ ከዚያ ጎጆዋን።

"በደንብ አልቅሰህልኛል?"

"እንደ ወላጅ አባቴ ነው ያለቀስኩልዎ።"

"ሰው ሰምቷል?"

"አገር ሰምቷል" አለች ሚስቱ። "ለጣሊያን ወሬ የሚያቀብለው ጎረቤታችን ሳይቀር እንባውን ጠርጓል።"

"እንግዲያው እንዳታቆም!" አለ ሰውዬው እየተቀመጠ። "መሞቴን ካመኑ ቤቴን አይነኩም። አንተም እዚሁ ሆነህ አልቅስ።"

አባቴ ጎረቤትየው በደጅ ባለፈ ቁጥር ሥራውን ትቶ ያለቅስ ጀመር። ሟቹም አንዳንድ ቀን በጓሮ ገብቶ፣ ቆሎውን እየቆረጠመ ያዳምጣል።

"ስለ ተኩሴም አንሥተህ አልቅስ እንጂ" ይለዋል በሹክሹክታ።

አባቴ ያነሣለታል። እኛም እዚያው ከረምን።