አባዬ ባንድሶ ሲገዛ ያስተረጎምኩለት

ዶልዱሞ እንጨቱን ከመቁረጥ ይልቅ የሚያቃጥል መጋዝ የሚያወጣው ያ ጣፋጭም መራራም ሽታ፣ ባለፈው ሳምንት አቡ ዳቢ አል ዛሂያ ውስጥ በአንድ የሚታደስ ሱቅ በር ሳልፍ አፍንጫዬን ያዘኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ የሚል ሽታ ነው ብሎ ያልፍ ነበር፤ እኔ ግን መንገድ ላይ ቆሜ፣ «ጣ፣ ጣ፣ ጣ» የሚል ነገር ይሰማ እንደሆነ ብዬ እንደ ሞኝ ጆሮዬን ቀሰርኩ። ምንም አልነበረም፣ ሠራተኞቹ እየተሳሳቁ ጣውላ ይቆርጡ ነበር።

ያኔ የምንኖረው አል ዓይን ከተማ፣ አል ኸቢሲ ሰፈር፣ ከአንድ ቪላ ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። እማዬ እዚያው ቪላ የማዳምን ልጆች ትይዛለች፣ አባዬ የሕንፃ ጥገና ድርጅት ውስጥ አናጢ ነበር። አርብ አርብ ከጓሯችን የቆርቆሮ ጥላ ስር ገብቶ ከተጣለ የዕቃ መጫኛ ፓሌት ወንበርና የሕፃን አልጋ እየሠራ ለአበሻው ይሸጥ ነበር። ቀጥ ያለውን በእጅ መጋዝ ይወጣዋል፣ የወንበሩ መደገፊያ ጎበጥ የሚልበት ላይ ሲደርስ ግን ትከሻው እስኪገነጠል ይገዘግዝ ነበር። ስለዚህ ሕልሙ ባንድሶ ነበር፤ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች በሆኑ ሁለት የብረት ጎማዎች ላይ እንደ ቀበቶ ተወጥሮ የሚሽከረከር ምላጭ ያለው መጋዝ ነው፣ እንጨቱን እየገፉ እንደ ልብ ያጎብጡበታል። እማዬ ወንድሟ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሦስት ጣቱን አጥቶ ስለነበር የማሽን ስም ሲነሳ ታማትብ ነበር። «እኔ ሌላ አልልህም፣ በአሥር ጣትህ ወጥተህ በአሥር ጣትህ ግባልኝ» ትለው ነበር።

ክረምቱ፣ የዚህ አገሩ ማለቴ ነው፣ ሰው ሹራብ የሚያነሳበት ወቅት፣ ርካሽ ባንድሶ በመፈለግ አለቀ። አባዬ ዓረብኛውን ያንበለብለዋል፣ እንግሊዝኛው ግን ከሥራ ቃል አያልፍም ነበርና፣ የአሥር ዓመቷ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ከኋላው ኩስ ኩስ እል ነበር። ደግሞ ሲመርጥ! የማሽኑን በር ከፍቶ ጎማውን በእጁ ያዞራል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፣ ጠረጴዛውን ተጭኖ ይነቀንቃል፣ ከዚያ «ኸላስ፣ ይሄ አይሆንም» ብሎ ይወጣል። አንዱ ጎማው ይወላገዳል፣ አንዱ ሞተሩ ይሞቃል፣ አንዱ ደግሞ ከሥጋ ቤት የመጣ የአጥንት መቁረጫ ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ አቡ ዳቢ አንድ ሱቅ ውስጥ አዲስ፣ ትንሽ፣ ግን ጠንካራ አገኘና፣ «ይቺ ናት» ብሎ ዳበሳት።

ማታ ራት ላይ ግን እማዬን «አዲሷን ከገዛን እንግዲህ የሐና ቲኬት ለከርሞ ነው» ሲላት ሰማሁ። ሐና ታላቅ እህቴ ናት፣ ወረቀቷ አልሟላ ብሎ ደሴ አክስቴ ዘንድ ቀርታ ነበር፣ በዚያ ዓመት ትምህርት ሲዘጋ ልትጠይቀን ትመጣለች ተብሎ ቀን እየቆጠርኩ ነበር። እማዬ ሳህኖቹን አነሳች። እኔ ትራሴ ውስጥ ተቀብሬ፣ ያቺን ባንድሶ እሳት ይብላት እያልኩ ረገምኳት።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አል ቶዋያ ሰፈር አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ እንግሊዛዊ መምህር የቤት ዕቃውን እንደሚሸጥ ተሰማና፣ በአባዬ ጓደኛ ፒካፕ ሄድን። ሰማያዊ፣ ከአባዬ ቁመት የሚተካከል ባንድሶ ጋራዡ ውስጥ ቆሟል፤ ዋጋው የአዲሷን ግማሽ አይሞላም። አባዬ የላይኛውን በር ከፍቶ ጎማውን ሲያዞር አንድ ቦታ ላይ የብየዳ ጠባሳ አየና፣ «ይሄ ምን ሆኖ ነው? ጠይቂው» አለኝ። ጠየቅኩት። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ፣ እያንዳንዷን ቃል እያዘገመ፣ ጎማው ተሰንጥቆ እንደነበር፣ ብየዳው ቀጭን ምላጭና ስስ እንጨት እንደሚችል፣ ሰፊ ምላጭ አስገብቶ አጥብቆ የወጠረው ሰው ግን ጎማው በፊቱ ሊፈነዳ እንደሚችል ነገረኝ። «ይህን ለአባትሽ በደንብ ንገሪው» አለኝ፣ ሁለቴ።

አባዬ ዓይን ዓይኔን ያያል። እኔ የማየው ሐናን ነበር።

«የድሮ ነው፣ ጠግኖታል፣ ምንም አይለውም ይላል» አልኩት።

አባዬ ፈገግ ብሎ የሰውዬውን እጅ ጨበጠ፣ ሰውዬውም የተግባቡ መስሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። መኪና ውስጥ አባዬ «ያለ አንቺ ምን እሆን ነበር፣ የኔ አንበሳ!» ሲለኝ ላብ አጠመቀኝ፣ ኤሲው ግን ይነፍስ ነበር።

ከዚያች ቀን ጀምሮ አርብ ለእኔ መከራ ሆነች። ባንድሶው ተነስቶ ያ የሚቃጠል እንጨት ሽታ ሲመጣ ልቤ አብሮ ይነሳል፣ ሲጠፋ እተነፍሳለሁ። ምግብ ሳይደርስ ደርሷል እያልኩ እጠራው ነበር፣ ማዳም ጫጫታው አስቸገረኝ ብላለች ብዬ ዋሸሁ፣ አንድ ቀን ደግሞ የማራዘሚያ ገመዱን ነቅዬ ደበቅኩት። እማዬ «ዝም አይነቅዝም» ትል ነበርና ዝም ካልኩ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር፤ የእኔ ዝም ግን ነቀዘ። ብናገርስ? የሐና ቲኬት ተቆርጧል፣ ገንዘቡ የለም፣ ደግሞም እኔ ውሸታም ነኝ። እንዲህ እያልኩ ከሳሁ፣ እማዬም ልጄን ዓይን በላት ብላ ጠበል አጠጣችኝ።

ሰኔ ላይ፣ አስፋልቱ ጫማ በሚይዝበት ሙቀት፣ ሐና መጣች። ረዝማለች፣ ጸጉሯ ሹሩባ ነው፣ ሁለት ቀን ተፋፍረን በሦስተኛው መንጫጫት ጀመርን። አባዬ በደስታ «ለሁለታችሁ ተደራራቢ አልጋ እሠራለሁ!» አለና፣ ከአንድ የፈረሰ ቤት ወፍራም ጠንካራ ግንድ ይዞ መጣ። በማግስቱ ማለዳ ሙቀቱ ሳይበረታ ጥላው ስር ስደርስ፣ ቀጭኑን ምላጭ አውጥቶ አዲስ፣ ሁለት ጣት የሚሰፋ ምላጭ አስገብቶ፣ የመወጠሪያውን እጀታ በሁለት እጁ ያጠብቃል። ሐና ከፊት ለፊቱ የግንዱን ጫፍ ደግፋለች፣ ፊቷ ከላይኛው ጎማ ትይዩ ነው።

ማሽኑን አስነሳው። «ጣ፣ ጣ፣ ጣ» የሚል አዲስ ድምፅ መጣ፣ እየፈጠነም ሄደ። አባዬ ግንዱን ሊገፋ ሲዘጋጅ፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ጩኸት ከውስጤ ወጣ፦ «አባዬ አጥፋው! ጎማው ይፈነዳል! ሰውዬው ነግሮኛል!»

አጠፋው። ምላጩም ቆመ። በሩን ከፍቶ አቧራውን በአውራ ጣቱ ሲጠርግ፣ ከብየዳው ተነስቶ ወደ ጎማው ጠርዝ የደረሰ ስንጥቅ ታየ፣ የክብሪት እንጨት ያስገባል። አባዬ ስንጥቁን አየ፣ ከዚያ የሐናን ፊት አየ፣ ከዚያ እኔን።

«መቼ ነው የነገረሽ?»

«የገዛን ቀን።»

«ለምን?»

«ሐና እንድትመጣ» ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ።

ግንዱ ላይ ቁጭ አለ። ቢመታኝ በተገላገልኩ፣ አልመታኝም። «የሰው ቃል አደራ ነው፣ አይሸራረፍም» ብቻ አለኝ። ለእማዬ አልነገራትም፤ ማሽኑን ፈታትቶ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሰጠው፣ አልጋችንንም በእጅ መጋዝ ገዝግዞ ጨረሰው፣ ሐና ሳትመለስም አንድ ወር ተኛንበት። የእኔ ቅጣት የመጣው ኋላ ነው። ባንክ ቤትም፣ ትምህርት ቤትም፣ የትም ባስተረጎምኩለት ቁጥር ቀስ ብሎ «ሁሉንም ነው የነገርሽኝ?» ይለኝ ጀመር፣ ሳድግም አልተወውም።

አዲሷን ባንድሶ በኋላ ገዝቷት ብዙ ዓመት ሠራባት። ዘንድሮ ቀኝ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሲያስቸግረው ሐኪም ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ፣ መንቀጥቀጡ እየባሰ የሚሄድ እንጂ የሚመለስ እንዳልሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከሚሽከረከር ነገር ሁሉ መራቅ እንዳለበት ነገረኝ። አባዬ እንደ ድሮው ዓይን ዓይኔን ያያል። ልጅ ሆኜ ለመዋሸት አንድ ትንፋሽ አልፈጀብኝም ነበር፤ አሁን እውነቱን አንድ በአንድ ስነግረው ሦስቴ ድምፄ ተቋረጠ፣ የሚሻልበት ነገር የለም ያለውንም አልዘለልኩም። ሰምቶ ሲጨርስ ያንን የድሮ ጥያቄውን ጠበቅኩ። አልጠየቀኝም። እጄን በሚንቀጠቀጠው እጁ ያዘና «ጎሽ ልጄ፣ ከብዶሽ ነበር» አለኝ።