የሰብለ ወንጌል አንድምታ

ሰብለ ወንጌል መጽሐፏን ከዳር እስከ ዳር ቢጫ አድርጋው ነበር። በፊት ዋና ዋናውን ብቻ ልታቀልም ጀምራ፣ ኋላ የቱን ይዛ የቱን እንደምትተው ግራ ሲገባት ሁሉንም አቀለመችው። ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ዘርግታው አየሁና፣ "ልጄ፣ መጽሐፍሽ አደይ አበባ መሰለ" ብላት ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

ምክንያቱን አውቃለሁ። ፋሲሎ ሰፈር ከሰብለና ከአባቷ ጋር አንድ ግቢ ስንኖር ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ሰብለ በነርስነት ተመርቃ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን አንድ ጊዜ ወስዳ በአራት ነጥብ ወድቃለች። ሐሙሲት ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ደግሞ በልምምድ ጊዜዋ አይተው ስለወደዷት፣ "እስከ ሰኔ መጨረሻ ፈቃድሽን ይዘሽ ከመጣሽ ቦታው ያንቺ ነው" ብለዋታል። ፈተናው ግንቦት ማለቂያ ላይ ነው። የቀራት ስድስት ሳምንት ነበር።

ያልሞከረችው የአጠናን ዘዴ የለም። ቪዲዮ አየች፤ አየችና እንቅልፍ ወሰዳት። አብራት የተመረቀችውና አብራት የምትፈተነው ጓደኛዋ ሔራን ሰባት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አስገባቻት፤ ጥያቄው እንደ ክረምት ዝናብ ወረደ፣ አንዱን ሳትመልስ ሃያ ይመጣል።

አባቷ መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ሐይቁ ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን ድጓ ያስተምራሉ። ለብዙ ቀን ዝም ብለው ሲያዩ ከርመው አንድ ጧት ከኪዳን ጸሎት ሲመለሱ መጽሐፉ አጠገብ ቆሙ።

"ይህን ሁሉ በዓይን ብቻ ነው የምትይዥው?"

"በምን ልያዘው፣ አባቴ?"

"በአፍ ነዋ። እኛ ድጓውን በምን ያዝነው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢያችን ተማሪ ቤት ሆነ። ሰብለ መጽሐፉን ዘግታ በቃሏ ትላለች፣ እሳቸው በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ ይሰማሉ። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ግን የት ላይ እንደተንገዳገደች ጆሯቸው ይነግራቸዋል። "መለስ በይ" ይላሉ፣ ትመለሳለች። ቁጥሮቹ አልያዝ ቢሏት በሦስቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማዎች ከፋፍለው የደም ግፊቱን በግዕዝ፣ የልብ ምቱን በዕዝል፣ የስኳሩን መጠን በአራራይ አስባሏት። ሔራን ይህን ስትሰማ ሳቋን መያዝ አቃታት።

"የኔታ፣ ፈተናው ላይ ከበሮ ይፈቀዳል እንዴ?"

"ከበሮው ይቅርብሽና አንቺ መጀመሪያ ጸጥ ብለሽ መቀመጥ ልመጂ" አሏት።

በሦስት ሳምንት ሰብለ አርባ ገጽ ሳትደናቀፍ ታወርድ ጀመር። መሪጌታ ደስታቸው ወሰን አጣ። እኔም በልቤ አሳለፍኋት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር ተቀምጠን ሔራን ኀምሳ የሙከራ ጥያቄ አመጣችላት። ሰብለ ጨረሰች፤ ሔራን አረመች፤ ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ ጭኗ ላይ አኖረችው።

"ንገሪኝ እንጂ" አለች ሰብለ።

"ሃያ አንድ።"

በቃል መያዝ ከመጀመሯ በፊት እንዲህ ካለ ኀምሳ ጥያቄ ሃያ ስምንት አግኝታ ነበር። ሰብለ ወደ ሐይቁ ዞረች። ሐሙሲት ከፊቷ ስትሸሽ የታያት ይመስለኛል።

መሪጌታም፣ "ከሳትሽው አንዱን በአማርኛ አንብቢልኝ" አሏት።

ሰብለ ድምፅዋ እየቀጠነ አነበበች። የስኳር ሕመምተኛ ተዘርሮ ተገኘ። ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር በጣም ወርዷል። ሲጠሩት አይመልስም። ነርሷ ስኳር በውሃ በጥብጣ ታጠጣው? ግሉኮስ በደም ሥሩ ትስጠው? ኢንሱሊን ትውጋው? ወይስ እየለካች ትጠብቅ?

"ምን አልሽ?"

"ስኳር በውሃ። ስኳር ሲወርድ ጣፋጭ ይሰጣል።" ይህን ስትል ሳታውቀው ዜማው መጣባት።

"ሲጠሩት የማይመልስ ሰው እንዴት አድርጎ ይጠጣል?"

ሰብለ የመረጠችውን በእርሳስ ሰረዘችው።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ መሪጌታ። "ንባብ ቤት ላይ አስቀርቼሻለሁ። ንባብ የያዘ ሁሉ ምሥጢሩን አያውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ትርጓሜ ቤት ገብተሻል።"

የቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ አንዱን ቃል በአንድ መልስ አይዘጋም፤ "አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው" እያለ ይፈታዋል፣ ለየአንዱም ምክንያት ይሰጣል። መሪጌታ አራቱን ምርጫዎች በዚህ መንገድ ያዟቸው።

"የተሳሳተውን ምርጫ አትጣይው፣ ቤት ፈልጊለት። የሚጠጣው ስኳር ለማን ነው?"

"ነቅቶ መዋጥ ለሚችል። ይሄኛውን ግን ትን ይለዋል።"

"አንድም፣ ኢንሱሊኑ?"

"ስኳሩ ለወጣበት። ለዚህ ብሰጠው እገድለዋለሁ።"

"አንድም፣ እየለኩ መጠበቁ?"

"ለሰነፍ ነርስ" አለች ሔራን።

ሰብለ ሳቀች፤ በዚያ ቀን የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። "አይደለም፣ ግሉኮሱን በደም ሥሩ ወስዶ ለነቃ። ስኳሩ ተመልሶ እንዳይወርድ።"

"እንግዲህ ቁጠሪ" አሉ መሪጌታ። "አንድ ጥያቄ ፈትተሽ አራት ሕመምተኛ አከምሽ።"

በቀሩት ሦስት ሳምንታት ጧት ጧት ቁጥሩ በዜማ ይባላል፣ ከሰዓት አንድምታው ይቀጥላል። ከሰባቱ የቴሌግራም ቡድኖች ስድስቱን ዘጋች። እኔ ምስር እየለቀምሁ እሰማለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በራሴ ነው፤ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬያለሁ፣ ለአንዱም ግን "ይህ ለማን ነው?" ብዬ አላውቅም። ለዚህ ትምህርት እግዚአብሔር ይመስገን፣ የከፈልሁበት ምስር መልቀም ብቻ ነው።

ፈተናው ላይ፣ ኋላ እንደነገረችን፣ ጣቷ ጠረጴዛውን እንደ መቋሚያ ሲመታ ፈታኙ መጥቶ፣ "ደህና ነሽ?" ብሏታል።

"አንድም ደህና ነኝ" ልትለው ምንም አልቀራትም።

ውጤቱ በሰኔ አጋማሽ መጣ። ስልኳን ይዛ ሮጣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ተከተልሁ። መሪጌታ ተማሪዎቻቸው መሀል ነበሩ።

"አለፍሁ፣ አባቴ። ሔራንም አልፋለች።"

ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ዞረው አማተቡ። ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና፣ "ስንት ሳትሽ?" አሉ።

"አባቴ፣ አለፍሁ እኮ ነው የምልዎት።"

"ሰማሁ። የሳትሽውን አምጭውና አንድም እንበልበት።"

"ጥያቄውን መልሰው አይሰጡም።"

ትንሽ ከፋቸው። ጢማቸውን አሻሹ። "ግድ የለም" አሉ በመጨረሻ፣ "ሐሙሲት ስትሄጂ ሕመምተኛው ራሱ ይጠይቅሻል።"

ሰኞ ጧት መናኸሪያ ሸኘናት። ቢጫው መጽሐፍ ከቦርሳዋ አልገባ ብሎ በእጇ ነበር የያዘችው። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮቱ አየኋት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። መሪጌታ ድምፁ ባይሰማቸውም አወቁት።

"የልብ ምቱ ላይ ናት" አሉኝ። "ዕዝል ነው።"