ጅብ አንሳ እና የድሬ ጠያራው ወርካ

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ፣ ድሬዳዋ

ከባቡር የወረድኩት ትናንት ማታ ነው። ድሬዳዋ እንኳን ሰውን ግድግዳን በላብ ታጠምቃለች። የሆቴሉ ማራገቢያ ያንኑ ሙቅ አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲያመላልስ አደረ። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ወደ ሐረር በሚወጣው ፔጆ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ መገኘቴ ከትጋት አይቆጠርልኝ። ከኋላ ሁለት ነጋዴዎች፣ አንዲት እናት ከነሕፃኗ፣ አንድ ወታደርና አንድ ጆንያ ሽንኩርት ተጠቅጥቀዋል። ሽንኩርቱም እንደኛው ሂሳብ ከፍሏል።

ሾፌሩ ቀጭን ሰው ነው። መኪናዋ ሽቅብ መተንፈስ እስክትጀምር ዝም ብሎ ቆይቶ፣ «ሐረር ማን ጋ ነህ?» አለኝ።

«አቶ መርዕድ የሚባሉ ፎቶ አንሺ ጋ።»

«የትኛው መርዕድ?»

«እንስሳትና ጋራ የሚያነሱት። ስለ ሥራቸው ጋዜጣ ላይ ልጽፍ ነው።»

መሪውን ለቆ አጨበጨበ። «አቦ፣ ጅብ አንሳ በለኝ እንጂ!»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ጥንብ አንሳ የሚባለውን አሞራ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጅብ አንሳ የሚባል ፍጡር መኖሩን ግን ገና መስማቴ ነው። ሾፌሩ አስረዳኝ። ሰውዬው ሙሽራና ክርስትና አንስቶ ያገኘውን ብር ፊልም ይገዛበትና ጅብ ያነሳበታል፤ ጅቡ ሲያልቅበት ወፍ፣ ወፉ ሲያልቅበት ጋራ። «ደግሞ ሰው የለበትም እኮ! እኔን ሰርጌ ላይ ያነሳኝ እሱ ነው፤ አሳምሮ ነው ያነሳኝ። ታዲያ እኔን የመሰለ ሰው እያለለት ጅብ ምን ያደርግለታል?»

ከጎን በኩል መልኩን አየሁት።

ደንገጎን ስንወጣ ንፋሱ ቀዘቀዘ፣ ሕፃኑም ተኛ። ዓለማያ ሐይቅ ጋ ስንደርስ ሾፌሩን ለምኜ አስቆምኩት። እዚህ ያመጣኝ ይህ ሐይቅ ነው። አዲስ አበባ አንድ መምህር ወዳጄ ቤት ግድግዳ ላይ በአቶ መርዕድ የተነሳ የዓለማያ ፎቶ አይቼ እራቴን ረስቼ ነበር፤ ውሃው ነጭ፣ ሰማዩ ነጭ፣ መሐሉ ላይ አንድ መስመር ወፍ ብቻ። አሁን ፊት ለፊቴ ያለው ሐይቅ ሰፊ ነው፣ ወፎችም አሉት፤ ግን ከፎቶው ያነሰ መሰለኝ። ትንሽ ቆሜ ሳስበው ያነሰው ሐይቁ ሳይሆን የኔ ቆይታ ነው። እኔ ሞተር ሳላስጠፋ ነው የማየው።

ሐሙስ ረፋድ፣ ሐረር

ፎቶ ቤቱ ከጀጎል ግንብ ውጪ፣ በአዲሱ ከተማ መንገድ ላይ ነው። መስኮቱ ላይ ሙሽሮች፣ አዲስ የተሾሙ መኮንኖች፣ ጉልበታቸውን ገጥመው የተቀመጡ ቤተሰቦች ተደርድረዋል። ሁሉም ዐይናቸውን አፍጥጠው መንገደኛውን ያዩታል።

አቶ መርዕድ ስድሳን የተሻገሩ፣ ረጅምና ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። አያታቸው ከሸዋ ከመጣው ጦር ጋር ገብተው እዚሁ የቀሩ ወታደር ነበሩ። ጨበጡኝና አፍንጫቸውን ነፋ አድርገው፣ «ሽቶ ተቀብተሃል?» አሉኝ።

«ሳሙና ነው።»

«ሳሙናም ሽቶ ነው። ከኔ ጋር ስትውል እንዳትታጠብበት።»

ወደ ጓዳው አስገቡኝ። እዚያ መስኮት የለም፤ ግድግዳው ግን ፎቶ ስለሞላው በሙሉ መስኮት ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ላይ ጅብ አለ። ንጋት ላይ ከግንቡ ሥር ባለው ቀዳዳ ግማሽ አካሉን አውጥቷል፤ ከሌሊት ሥራው የሚመለስ ዘበኛ ይመስላል፤ ድካሙ እንኳ ይታያል። ሌላው ላይ ከከተማው በላይ የቆመው የሐኪም ጋራ ደመናውን እስከ ወገቡ አሸርጧል። ከኤረር ሸለቆ በኩል የተነሳው ደግሞ ከላይ እስከ ታች ሰማይ ነው፤ ግርጌው ላይ ብቻ ሁለት ሚዳቋዎች ጆሯቸውን አቁመው አንድ የማናየውን ነገር ያዳምጣሉ።

ቆይቼ አንድ ነገር ገባኝ። መስኮቱ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ወደኛ ሲያዩ፣ እዚህ ካሉት አራዊት አንዱም ወደኛ አያይም። እኛ የሌለን ያህል ኑሯቸውን ይኖራሉ።

«ጅቡ እንዴት እንዲህ ይቀርብዎታል?»

«አይቀርበኝም፤ እሰለቸዋለሁ» አሉ። «መጀመሪያ ካሜራ አልይዝም። ባዶ እጄን ሄጄ እቀመጣለሁ። በማግስቱም እቀመጣለሁ። ጅቡ አንደኛ ይፈራኛል፣ ቀጥሎ ይጠረጥረኛል፣ ከዚያ ይንቀኛል። መጨረሻ ላይ እሰለቸዋለሁ። ያኔ ካሜራዬን አመጣለሁ።»

ከሁሉም ጀርባ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የቆመ አንድ ትልቅ ክፈፍ ነበር። ሳላስፈቅድ አዞርኩት። የጋዜጠኛ እጅ ዐመለኛ ነው።

አንድ ወርካ ነው። ግንዱ የሦስት በሬ ወርድ አለው። ቅርንጫፎቹ ላይ ጥንብ አንሳዎች ሰፍረው፣ የጠዋት ፀሐይ እንዲያሞቃቸው ክንፋቸውን ዘርግተዋል። ብርሃኑ በላባቸው መካከል እየተንጠባጠበ ይወርዳል። በሕይወቴ ጥንብ አንሳ ያምራል ብዬ አላውቅም፤ እዚህ ግን ማኅሌት የቆሙ ካህናት መሰሉኝ።

«ጋዜጣው ላይ የሚወጣው ይህ ነው» አልኩ።

«እሱ አይሆንም።» ክፈፉን ከእጄ ወስደው ፊቱን መለሱት። «የዛፉ ባለቤት ሳይፈቅድ አይወጣም። ባለቤቱ ደግሞ ዐይኔን ማየት አይፈልግም።»

ዓርብ ከሰዓት፣ ጀጎል

ጧት ፈጢራ በማር በላን፤ ከሰዓት በኋላ ጀጎል ውስጥ በእግር ዞርን። መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ስለማያሳልፍ ታሪኩን የሰማሁት ከጀርባቸው ነው። የጁምዓ ሰላት አልቆ ሰዉ ከየመስጊዱ እየወጣ ነበር። ሰፌድ የሚሸጡ አንዲት እናት፣ «ጅብ አንሳ፣ ዛሬስ ሰው አስከትለሃል!» ብለው አለፉን። አቶ መርዕድ ባርኔጣቸውን አንስተው ሳቁ።

ወርካው የነበረው ከሐረር ወጣ ብሎ፣ ድሬ ጠያራ ነው። ድሬ ሜዳ፣ ጠያራ አውሮፕላን ነው፤ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ ለማለት ነው ይላሉ። ባለቤቱ ኦቦ ሙሜ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። አማርኛን የለመዱት እህል ሲሸጡ ከገበያ ነው። አቶ መርዕድ ወፎቹ እስኪለምዷቸው ሩቅ ተቀምጠው ከሰነበቱ በኋላ፣ ካሜራቸውን ተሸክመው ሄዱ።

«ምን ፈልገህ ነው? አሉኝ ኦቦ ሙሜ። ይህን ወርካ ላነሳው ነው አልኳቸው።»

ቆም ብለው ዞሩ።

«በኛ ሥራ ፎቶ የምትለዋን ቃል እንጥላታለን። ሙሽራዋን አነሳኋት፣ ሻለቃውን አነሳሁት ነው የምንለው። ማን አዘዘህ? አሉኝ። ማንም አላዘዘኝ፤ ላነሳው ስመኝ ኖሬ ነው አልኩ። አንስተህ የት ታደርገዋለህ? ቤቴ አስቀምጠዋለሁ አልኩ። ኦቦ ሙሜ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዕብድ መስያቸው ነው። እንግዲህ ከቻልክ አንሳው ብለው ተቀመጡ።»

እኔም ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ባለሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያዬን ተከልኩ፣ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናነብኩ፣ አነሳሁ። ክረምቱ ሲወጣ መንገድ የሚያሰፉ ሰዎች መጡ። እነሱም ባለሦስት እግር መለኪያ ይዘዋል፤ እነሱም በአንድ ዐይናቸው ያያሉ። ወርካው መስመሩ ላይ ነበር። ቆረጡት።»

ስለዚህ ለድሬ ጠያራ ሰዎች ነገሩ ግልጽ ነው። አንድ የከተማ ሰው መጥቶ ዛፉን ላነሳው ነው አለ፤ እንዳለውም ዛፉ ተነሳ። ይህንን አቶ መርዕድ የሰሙት ገበያ ወተት ከምታመጣ ሴት ነው፤ «ኦዳውን ያስነሳኸው አንተ ነህ አሉ» አለቻቸው። ኦዳ ማለት ያው ወርካው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እግራቸው ወደዚያ ዞሮ አያውቅም።

«ታዲያ ሄደው አያስረዱም?»

«ምን ብዬ? ጥፋተኛው አማርኛው ነው ልበል?» ድምፃቸው ወረደ። «ለአንድ ጅብ ሳምንት እቀመጣለሁ። ለኦቦ ሙሜ ግን አንዲት ቃል ለመጨመር ሰነፍኩ። ጅብ አንሳ ሲሉኝ እስቃለሁ፤ ጨዋታ ነው። ኦዳ ያስነሳ መባሉ ግን መጥፎ ስም ነው። ይዤው እንዳልሞት እፈራለሁ።»

እኔ ትዕግሥት ያልፈጠረብኝ ሰው ነኝ። «ነገ እንሂድ» አልኩ። ግንቡ ጋ ሲደርሱ ጅቦቹ የሚሾልኩበትን ቀዳዳ ለረጅም ጊዜ አዩና፣ «ፎቶውን በምን እንጠቅልለው?» አሉ።

ቅዳሜ፣ ድሬ ጠያራ

ክፈፉን በጋቢያቸው ጠቅልለን በኮንትራት በያዝነው መኪና ውስጥ በጉልበታችን ላይ አጋደምነው። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ሰፊነቱ ዛሬ ደስ አላለኝም። ማሽላው ከሰው በላይ ቆሟል። አንድ ቦታ ላይ አቶ መርዕድ ሾፌሩን «ቀስ በል» አሉት። ከመንገዱ ጠርዝ ግማሹ አፈር የለበሰ ጉቶ አየሁ። ከላዩ ሰማዩ ባዶ ነው።

ኦቦ ሙሜ ደጃቸው ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጢማቸው በሂና ቀልቷል። ሰላምታችንን መለሱ፤ ሰላምታ አይከለከልም። ከዚያ ዐይናቸውን አቶ መርዕድ ላይ ተከሉ።

«አሁን ደግሞ ምን ልታነሳ መጣህ?»

«ምንም፣ ኦቦ ሙሜ። ልመልስ ነው የመጣሁት።»

አቶ መርዕድ ጋቢውን ፈቱ። ክፈፉን ከግድግዳው አስደግፈው ወደ ኋላ ሸሹ። ኦቦ ሙሜ አልተነሱም። ተቀምጠው አዩት። እኔ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ። በልቤ፣ ምን አግብቶኝ ነው ሽማግሌውን ጎትቼ ያመጣሁት እያልኩ ነበር።

ሽማግሌው፣ «ፋጡማ!» ብለው ተጣሩ። ሚስታቸው ወጡ፤ ምራታቸውም ተከተለች። በኦሮምኛ ሲነጋገሩ «ኦዳ» የምትለዋን ቃል ብቻ ለየሁ። ከዚያ ኦቦ ሙሜ ተነሥተው ወደ ፎቶው ሄዱና ጣታቸውን አንድ ቅርንጫፍ ላይ አሳረፉ።

«ይኼን ታያለህ?» አሉኝ።

የዛፍ ቋጠሮ የመሰለኝ ነገር ነበር።

«ቀፎ ነው። አባቴ ነው ራሱ ወጥቶ ያሰረው። ማንም ሌላ አልነካውም፣ ወላሂ።» ጣታቸውን አላነሱም። «ባባ ይኸውና።»

የሐሙሱ ሾፌር «ሰው የለበትም» ያለው ትዝ አለኝና አፈርኩለት።

አቶ መርዕድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኦቦ ሙሜ፣ ያኔ አነሳዋለሁ ያልኩዎት፣ ፎቶ ማለቴ . . .»

ኦቦ ሙሜ እጃቸውን አነሱ። «አማርኛ ያንተ ነው። እኔ ከገበያ የሸመትኩት ነው። ዛሬ ግን ገባኝ።» ወደ ጉቶው በዱላቸው አመለከቱ። «እነዚያ ጣሉት። አንተ አነሳኸው። ይኸው ቆሟል።»

አቶ መርዕድ ፊታቸውን ወደ ማሽላው አዞሩ። የተጣጠፈው ጋቢ ክንዳቸው ላይ ነው፤ በጫፉ ዐይናቸውን ጠረጉ። እኔም ዕንባዬ መጣ፤ ምን ይደበቃል።

በቡና ገለፈት የተፈላ ወተት በጨው ቀረበልን። ፎቶውን ጋዜጣ ላይ ማውጣት እችል እንደሆነ ጠየቅሁ። ኦቦ ሙሜ አሰቡና፣ «የማን ኦዳ እንደሆነ ካልጻፍክ አይሆንም። የአባቴ የኡመር ነው በል። የኔ አይደለም፤ ቀፎውን የሰቀለው እሱ ነው» አሉ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ጽሑፍ ጋር የሚወጣው ወርካ የኡመር ነው።

ከዚያ ሽማግሌው በዱላቸው ማዶ ያለውን ጉብታ አሳዩን። ድንጋዩን ለመፍለጥ የሚፈልጉ ሰዎች ሲለኩት ሰንብተዋል። «ሳይጥሉት አንሳልን» አሉ። ቃሏን አጣጥመው ነው የተናገሯት።

«ካሜራ አልያዝኩም» አሉ አቶ መርዕድ።

«የከተማ ሰው፣ ያለ ካሜራ ምን ትሠራለህ?»

«መጀመሪያ እቀመጣለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክሰለቻችሁ።»

ኦቦ ሙሜ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ያኔም እንዲህ ነው የሳቁት መሰለኝ። ቦታ ለቀቁላቸው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጉብታውን ማየት ጀመሩ። እኔ ብቻዬን ተመለስኩ።

እሁድ ማለዳ፣ ሐረር

ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ፔጆ በፎቶ ቤቱ በኩል አለፈ። በሩ ዝግ ነው። ደጁ ላይ ሙሽራዋ ከነቬሏ፣ ሙሽራው፣ ሚዜዎቹና ግማሽ ዘመድ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ሾፌሬ ያው የሐሙሱ ሰው ነው፤ ፍሬን ያዘ።

አንደኛው ሚዜ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ፣ «ጅብ አንሳን አያችሁት? ከትናንት ጀምሮ የለም» አለ።

«ድሬ ጠያራ ናቸው» አልኩት።

«እስካሁን?»

«እስካሁን» አልኩ። «ገና አልሰለቿቸውም ማለት ነው።»