በመድኃኒቱ ከረጢት ላይ የተጻፈው ስም

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ የደም ግፊት መድኃኒት አዘዘልኝና ማዘዣዬን ይዤ ሆሳዕና ዋናው መንገድ ዳር ካለ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመችው ልጅ ወረቀቱን አየት አደረገችና «እማማ፣ የውጭውን ልስጥዎት ወይስ የአገር ውስጡን? የዋጋቸው ልዩነት ብዙ ነው» አለችኝ። እማማ መባሌን እንደ ምንም ዋጥኩት። መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት ስልኬ ጠራ። ትልቁ ልጄ ዮናስ ነው፤ ሐኪም ቤት እንደምሄድ ያውቅ ስለነበር ከሐዋሳ ቸኩሎ ደወለ።

ሁለት ዓይነት ቀርቦልኝ እየመረጥኩ መሆኔን ስነግረው «እናቴ፣ ርካሹን እንዳትገዢ! ጥሩውን ግዢ፤ ብሩን አሁኑኑ አስገባልሻለሁ» አለኝ።

ዮናስ ሥራ ከያዘ ገና አራተኛ ወሩ ነው። ደሞዙ የቤት ኪራይ ተከፍሎበት ለምሳ የሚተርፍ አይመስለኝም። እኔ ደግሞ ቢሮ ከመግባቴ በፊት ወጣትነቴን ከመድኃኒት መደርደሪያ ጀርባ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ሁለቱ ካርቶኖች የያዙት አንድ ዓይነት መድኃኒት መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። ታዲያ «አይሆንም ልጄ» ማለት ለምን አቃተኝ? «ቆይ፣ መልሼ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁበትና ባንኮኒውን ተደግፌ ቀረሁ። እማማ ታደለች ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከሰሜን በመምህርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ስለሆነ ተወልጄ ያደግሁት ሆሳዕና ነው፤ ሀዲይኛውንም ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ለምጄዋለሁ። በፋርማሲ ዲፕሎማዬን እንደያዝኩ የቀጠሩኝ ጋሽ ላምቤቦ ነበሩ። ለረጅም ዘመን በጤና ረዳትነት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ከመናኸሪያው አጠገብ ትንሽ መድኃኒት ቤት የከፈሉ ሰው ናቸው። ገና በመጀመሪያው ቀን ያስተማሩኝን ዛሬም አልረሳሁትም። «ሐኪሙ የፋብሪካውን ስም ከጻፈ ዝም ብለሽ የለም አትበይ፤ ውስጡ ያለው ምንድን ነው ብለሽ ጠይቂ» አሉኝ። በእርግጥም ስንቱ ሰው አንድ የውጭ ስም ይዞ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ሲንከራተት ይውላል፤ ያው መድኃኒት በሌላ ስም፣ በሩብ ዋጋ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ያንን ፈልጎ ማግኘት እንዴት ደስ ይለኝ ነበር! እውነቱን ለመናገር ምርቃቱም ደስ ይለኝ ነበር። በቀን ሦስት ሰው ካልመረቀኝ ቀኑ የባከነ ይመስለኛል።

እማማ ታደለች የመጡት በሐምሌ፣ በገበያ ቀን ነው። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ጠዋትም አላባራም። ከጊምቢቹ በኩል የመጣው ገበያተኛ ቀዩን ጭቃ በቦት ጫማው እየጎተተ ገብቶ ቤቱን ሞልቶታል፤ እርጥብ ጋቢና የገጠር ቅቤ ይሸታል። ተራቸው ሲደርስ ከጉያቸው መሀረብ አወጡ፤ መሀረቡን ሲፈቱት ሰማያዊ ጽሑፍ ያለበት ባዶ ነጭ ካርቶን ወጣ።

«ሲስተር፣ ይሄ አለ ወይ?» አሉኝ። ያኔ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ነበረች።

ታሪካቸውን ጠየቅኋቸው። ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ሆሳዕና ሐኪም የግፊት መድኃኒት አዘዘላቸው። ልጃቸው ኤርሚያስ ደቡብ አፍሪካ ነው። በእኛ አገር ያኔ፣ ምናልባት ዛሬም፣ ደቡብ አፍሪካ ልጅ ያለው ቤት የሐኪም ማዘዣ ሲደርሰው እግሩ ወደ መድኃኒት ቤት አይሄድም። ማዘዣው በስልክ ፊደል በፊደል ለልጁ ይነበብለታል፤ ልጁ እዚያ ይገዛል፤ ወደ አገር የሚመለስ ሰው ሲገኝ በሻንጣ ይመጣል። እማማ ታደለችም እንዲሁ ሦስት ዓመት ኖሩ። አሁን ግን ከዚያ የሚመጣ ሰው ከጠፋ ሦስት ወር ሆነ። ኪኒኑን መጀመሪያ ለሁለት እየገመሱ፣ ኋላም ቀን እየዘለሉ አብቃቁት። በመጨረሻም አለቀ።

ካርቶኑን አገላበጥኩት። ከትልቁ የውጭ ስም ሥር በደቂቅ ፊደል «ኢናላፕሪል» ይላል። ኢናላፕሪል! ከጀርባዬ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ የአገር ውስጥ ፋብሪካ የሠራው፣ በትልቅ ዕቃ ሙሉ ተቀምጧል። ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ተራ መድኃኒት ነው!» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ። «እዚሁ ሞልቷል! የወሩ ዋጋ ሽንኩርት እንኳ አያክልም! ልጅዎ በከንቱ ነው የሚደክመው!»

ከኋላ ጃንጥላ የያዘች ጎረቤታቸው ሳቅ አለች። «ኤርሚያስ ላከልኝ፣ ኤርሚያስ ላከልኝ ሲሉን የከረሙት ይሄንን ነው እንዴ?» አለች። ሌሎቹም ሳቁ። የእማማ ታደለች ፊት ጥቁር አለ። ካርቶኑን ከእጄ ተቀብለው በመሀረቡ ጠቀለሉት። «ጌታ ይባርክሽ» ብለው፣ ምንም ሳይገዙ፣ ዝናቡ ውስጥ ገቡ።

ጋሽ ላምቤቦ ከጓዳ ሆነው ሰምተዋል። «ምን አደረግሽ?» አሉኝ።

«ረዳኋቸዋ!»

«ባዶ እጃቸውን እኮ ነው የወጡት» አሉና ወደ ጓዳ ተመለሱ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ባለጃንጥላዋ ሴትዮ ብቻዋን መጣች። እማማ ታደለች ራሳቸውን አሟቸው ተኝተዋል አለችን። እንዲህ ያለ ግፊት ሰውን እንዴት ባንድ ጎኑ እንደሚጥል በትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን በገዛ አጎቴ ላይ አይቻለሁ። ጋሽ ላምቤቦ የመጀመሪያውን ማዘዣ የጻፈውን ሐኪም ፈልገው ጠየቁት፤ መድኃኒቱ አንድ ነው፣ የአገር ውስጡ መጠን ግማሽ ስለሆነ ጠዋት ሁለት ፍሬ ይዋጡ አላቸው። አዲስ ማዘዣም ጻፈላቸው። እሑድ ማለዳ ኪኒኑንና የግፊት መለኪያውን ይዤ ወደ ጊምቢቹ ተሳፈርኩ።

ከመኪናው ወርጄ በእንሰት ማሳዎች መካከል ወዳለው ቤታቸው ስሄድ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። እንደዚያ ተጨማልቄ ያዩኝ እማማ ታደለች ሕመማቸውን ረስተው ብድግ አሉ። ውኃ አቀረቡልኝ፤ ትኩስ ቆጮ በአይብና በጎመን አበሉኝ። የተቀየምኩትን ሰው ቢሆን እኔ ደረቅ ዳቦ እንኳ አልሰጠውም። ግፊታቸውን ስለካው ቁጥሩ ከልክ በላይ ሆኖ አገኘሁት። ኪኒኑን አውጥቼ «እባክዎ ዛሬውኑ ይጀምሩ» ብዬ ለመንኳቸው።

እሳቸው ግን ወደ ግድግዳው አመለከቱኝ። መጽሐፍ ቅዱሳቸው ካለበት መደርደሪያ ላይ ባዶዎቹ ነጭ ካርቶኖች በረድፍ ተደርድረዋል። የሦስት ዓመት ካርቶን።

«ሲስተር» አሉኝ፣ «የሰው ልጅ ብሎኬት ቤት ሠራ። የሰው ልጅ አይሱዙ ላከ። የኔ ልጅ ይሄን ላከ። አሁን ይሄም ሽንኩርት አያክልም ከተባለ፣ የኔ ልጅ ምን ላከ?»

ምላሴን በቆረጠው አልኩ። ይቅርታ ስጠይቃቸው እንባዬ ቀደመኝ። እሳቸው «ተይ፣ ልጅ ነሽ» ብለው አባበሉኝ፤ መድኃኒቱን ግን አልነኩትም።

ኤርሚያስ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ይደውላል። በሰፈሩ ስልክ ያለው አንድ ጎረቤታቸው የሆነ መምህር ብቻ ነው፤ ኔትወርኩም የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ላይ ነው። ያ ቀን የሚደውልበት ቀን ነበርና ደግፌያቸው ሄድን። ስልኩ ሲጮህ እማማ ታደለች እንደ ጤነኛ ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማውራት ጀመሩ። በሀዲይኛ «ደህና ነኝ፣ መድኃኒቱም ገና አላለቀም» ሲሉት ሰማኋቸው። አላስቻለኝም። ስልኩን ለምኜ ተቀበልኩና ጥቂት ራቅ ብዬ ማን እንደሆንኩና መድኃኒቱ እዚህ ስንት እንደሚሸጥ ነገርኩት። በሰው ፊት የሠራሁትን ስህተትም አልደበቅሁትም።

«ስንት ነው አልሽኝ?» አለ። ደግሜ ነገርኩት። ሳቀ፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም። «ሱቄ ከተዘረፈ ወዲህ ብርድ ልብስ ተሸክሜ ቤት ለቤት ነው የምሸጠው። እሱን መድኃኒት ለመግዛት ራት ያልበላሁበት ቀን ብዙ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ እዚያ ጠይቁ አላለንም?» ከዚያም «ካርቶኖቹ አሉ አይደል? ያገሩን እዚያ ውስጥ ጨምሪና ኤርሚያስ ላከ በያት» አለኝ።

«አይሆንም» አልኩት። «ካርቶኑ ላይ የተጻፈው መጠን ሌላ ነው፤ ያነበበ ሰው አሳስቶ ይሰጣቸዋል። ደግሞ እናትህ የሚታለሉ ሰው አይደሉም።»

«እሺ፣ እኔ ካንቺው ብገዛላትስ? ያኔ ላኪው እኔ ነኝ አይደለም?»

«አንተ ነህ!» አልኩት።

«እናቴን አገናኚኝ» አለኝ። ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ ለረጅም ጊዜ ሲያዳምጡት ቆዩና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እሱ ነው የሚገዛው?» አሉኝ።

«እሱ ነው።»

«እንግዲያ ጻፊበት።»

ኪኒን የምናድልበትን ትንሽ የወረቀት ከረጢት ከቦርሳዬ አውጥቼ ጉልበቴ ላይ ጻፍኩ፦ ታደለች፤ ጠዋት ሁለት ፍሬ። ከሥሩም፦ ከኤርሚያስ። እማማ ከረጢቱን ለመምህሩ ሰጥተው ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው አደረጉ። ከአምልኮ የሚወጣው ሰው ሰማ፤ ባለጃንጥላዋ ሴትዮም ቆማ ሰማች። እማማ ታደለች እዚያው ውኃ አስመጥተው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፍሬዎች በሰው ሁሉ ፊት ዋጡ።

ኤርሚያስ በሚመጣ ሰው የስድስት ወር ዋጋ ላከ። እማማ በየወሩ እየመጡ ይወስዳሉ፣ ግፊታቸውን ይለካሉ፣ እኔም ከሥር ስሙን እጽፋለሁ። ከዚያ ኤርሚያስ ድምፁ ጠፋ፤ የላከው ብርም አለቀ። ከጋሽ ላምቤቦ ጋር ሳንነግራቸው ከኪሳችን ልንሸፍን ተስማማን። በሰባተኛው ወር ሲመጡ ግን የመሀረባቸውን ቋጠሮ ፈትተው ብር ባንኮኒው ላይ አኖሩ።

«የኤርሚያስ ገና አለ እኮ» ብዬ ዋሸሁ።

ትኩር ብለው አዩኝ። «አልቋል። መቁጠር አውቃለሁ፣ ሲስተር። ይሄ ቅቤ የሸጥኩበት ነው። በዚህ ዋጋ ከሆነ ራሴም እችላለሁ» አሉ። በሩ ላይ ማንም አለመኖሩን ካዩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «ስሙን መጻፍ ግን እንዳትረሺ» አሉኝ።

አልረሳሁም። አራት ዓመት ጻፍኩት። አንድ መስከረም ላይ አንድ የከሳ ሰው ገብቶ ባንኮኒው ላይ በክር የታሰሩ የወረቀት ከረጢቶች አስቀመጠ። እንደነገረኝ እማማ ታደለች በሁለት እግራቸው ቆመው፣ በራቸው ላይ ተቀብለውት ነበር፤ ባዶ እጁን እንደመጣ ሊነግራቸው ሲጀምር ከመደርደሪያው አውርደው የሰጡት እነዚያን ነው።

«ይሄን ሁሉ እኔ አልላክሁም» አለኝ ኤርሚያስ።

«እናትህን ጠይቅ» አልኩት።

የመድኃኒትን ዋጋ ማርከስ ቀላሉ ሥራ ነው፤ ከትልቁ ስም ሥር ያለውን ትንሹን ጽሑፍ ማንበብ ብቻ ይፈልጋል። ሰውየውን ሳያሳንሱ ርካሹን ማቀበል ግን በዲፕሎማዬ ውስጥ አልነበረም። የተማርኩት እማማ ታደለችን አሳፍሬ ነው፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ዮናስን መልሼ ደወልኩለትና «የአገር ውስጡን ነው የምገዛው፤ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ እናትህ ታውቃለች» አልኩት። ሊከራከር ሲል «የዚህን ዋጋ ግን አንተው ላክልኝ» አልኩት። «እሺ እናቴ» ሲል ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረ።

ልጅቷ ካርቶኑ ላይ «ጠዋት አንድ ፍሬ» ብላ ጽፋ ልትሰጠኝ ስትል «ከሥሩ ከዮናስ ብለሽ ጨምሪልኝ» አልኳት። አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ማዘዣውን አየች።

«ዮናስ ማነው? ሐኪሙ ነው?» አለችኝ።

«ላኪው ነው» አልኳት።