ፀዳል ቆማ የቀረችበት ስብሰባ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቃሎ ምን ያህላል? የፀዳልን ሳስብ ለሌሎች የሰጠችው መልስ ይመጣብኛል። ጅቡቲ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። ዓርብ ዓርብ በዕረፍቷ አምቡሊ ሰፈር ካለው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ክፍል ተቀምጣ፣ ስለ ውልና ስለ ፓስፖርት ለሚጠይቋት የቤት ሠራተኞች ታስረዳ ነበር።

ባለፈው ዓመት ማኅበሩ ይህን ሥራ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሞከር ጀመረ። አባላት በስልክ ይጠይቃሉ፤ ማንበብ ለማይችሉት መልሱን በድምፅ ይነግራቸዋል። እኔም ደግፌ እጄን አውጥቼ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ሀዊ የምትባል አባላችን ከምትሠራበት ወጥ ቤት ሆና ስለ ዕረፍት ቀን ጠየቀች። ስልኩ ጮክ ብሎ «አሠሪሽ ከከለከለችሽ መክሰስ ትችያለሽ» አላት። ድሬዳዋ አድጋ አማርኛ የምታውቀው እመቤቷ በር ላይ ቆማ ሰማች፤ በዚያው ቀን አባረረቻት።

ፀዳል በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ ሀዊን ያስባረራት የስልኩ መልስ ነው ብላ ተቃወመች።

«መልሱ እኮ ልክ ነው፣ እትዬ ፀዳል» አለ ሊቀ መንበራችን ደስታው። «ማሽን ጠልተው ነው?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ከልብስ ማጠቢያ ጋር ኖሬ ማሽን እጠላለሁ? አንተ ሰው ቤት አድረህ ስለማታውቅ ነው ልክነቱ የታየህ!»

ተቀመጪ ብንላት እምቢ አለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ ስልኩ ከመመለሱ በፊት «ብቻሽን ነሽ?» ብሎ ይጠይቅ። ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍነው፤ እስከ ዛሬ ግን የፈጸመላት የለም።