በስም ፋንታ የተጻፈችው ፊደል

ሰው ሁሉ የሞቱ ዘመዶቹን መቃብር የሚያጸዳበት በዓል ሲቃረብ አንዲት አሮጊት ወደ ድንጋይ መቅረጫ ቤቴ መጡ። ሰማያዊ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈዋል። ማንበብ ስለማይችሉ የእናታቸውን የመቃብር ጽሑፍ በወረቀት ላይ እንደ ሥዕል ገልብጠው ይዘዋል፤ «ጅዋንግ ልያው ሽ» ይላል። ጅዋንግ የባል ቤተሰብ ስም ነው፤ ልያው የአባት። «ሽ» የምትለዋ ፊደል ወገን ማለት ናት፤ ድሮ ያገባች ሴት ስትሞት በስሟ ፋንታ የምትጻፈው እሷ ነበረች።

«ይቺን ፊደል ፋቅና የእናቴን ስም ጻፍልኝ፣ ልጄ።»

«ማን ይባሉ ነበር፣ እማማ?»

ወረቀቱን አጥፈው መልሰው ዘረጉት። «አባቴ ‹አንቺ› ነበር የሚላት። አንድ ቀን ግን አያቴ ልትጠይቃት መጥታ ደጅ ላይ ‹ዩን› ብላ ስትጣራ፣ እናቴ እንደ ልጅ እየሮጠች ወጣች።»

«የትኛው ዩን? እንዲህ የሚነበቡ፣ ትርጉማቸው ግን የሚለያይ ፊደላት ብዙ ናቸው እኮ።»

ይህን አላሰቡትም ነበር፤ ፊታቸው ጠቆረ። ሦስቱን በጠመኔ ጽፌ ትርጉማቸውን ነገርኳቸው፦ ዜማ፣ መዓዛ ያለው ቅጠል፣ ደመና። ጣታቸውን «ደመና» ላይ አሳረፉ።

«ደመና ይወዱ ነበር?»

«እኔ እንጃ» አሉኝ። «ይሄኛው ግን አራት ጭረት ብቻ ነው። እሷም ብትሆን ልትጽፈው ትችል ነበር።»